አንድ ለአምስት የተደራጀ ጤና አዳም

ሰው በአደራ የሰጣችሁን ነገር ከመጠን በላይ በመንከባከብ ገድላችሁ ታውቃላችሁ? በቸልተኝነት ማለቴ አይደለም። በቸልተኝነት መግደል ማንም ይችላል፤ ምንም ዝግጅት አይጠይቅም። እኔ የምለው ጠዋት በሰዓቱ ተነስታችሁ፣ በብርጭቆ ለክታችሁ፣ በደብተር መዝግባችሁ፣ እሁድን እንኳ ሳታርፉ ደክማችሁ ስለገደላችሁት ነገር ነው። የማታውቁ ከሆነ እድለኞች ናችሁ። እኔ አውቃለሁ። የገደልኩትም ለመግደል በጣም ከሚያስቸግሩ ተክሎች አንዱን፣ ጤና አዳምን ነው።

ነገሩን ከመጀመሪያው ላስረዳ።

ሥራ የጀመርኩት አምቦ ነው። የሒሳብ መምህር ሆኜ ተመደብኩና ከትምህርት ቤቱ ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። አከራዬ ልጆቻቸውን ድረው የጨረሱ፣ ብቻቸውን ከአንድ ውሻ ጋር የሚኖሩ እናት ነበሩ። ሰፈሩ ሁሉ "አዴ" ስለሚላቸው እኔም ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ አዴ አልኳቸው። እሳቸው ደግሞ "ባርሲሳ" ይሉኝ ነበር፤ በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው። አማርኛቸው ጥሩ ነው። ሲገረሙ፣ ሲናደዱና ውሻቸውን ሲያናግሩ ግን ወደ ኦሮምኛ ይመለሳሉ። ውሻው አማርኛ አይሰማም፤ ብዙ ጊዜ ሞክሬዋለሁ።

ከግቢው ቧንቧ አጠገብ፣ አጥሩ ሥር፣ የአዴ ቅጠሎች ነበሩ። "የአትክልት ቦታ" ብዬ ልጠራው እፈልግ ነበር፤ መልኩ ግን አያስጠራም። በሶብላው በተሰነጠቀ ቢጫ ጀሪካን ውስጥ ነው። ኮሰረቱ ቂጡ በተበሳ ድስት ውስጥ ነው። ናናው ቧንቧው በሚያንጠባጥብበት መሬት ላይ እንዳሻው ተንሰራፍቷል። ጦስኙ አሮጌ ጎማ ውስጥ፣ የጥብስ ቅጠሉ የድንጋይ ክምር መሀል ናቸው። ጤና አዳሙ ከሁሉም ራቅ ብሎ፣ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ በማትለየው ጥግ፣ እጀታው በወለቀና ታቹ በተበሳሳ ባልዲ ውስጥ እንደ ትንሽ ዛፍ ቆሟል።

ጥቅማቸውን ለማያውቅ ላስረዳ። በሶብላ ለሽሮና ለበርበሬ፣ ኮሰረት ቅቤ ሲነጠር፣ ጦስኝና ናና ለሻይ፣ የጥብስ ቅጠል ስሙ እንደሚለው ለጥብስ ነው። ጤና አዳም ግን ለሁሉም ነው። ቡና ውስጥ ጣል ይደረጋል፣ አይብ ውስጥ ይገባል፣ ሆዱን የቆረጠው ያኝከዋል፣ ጉንፋን የያዘው ያሸተዋል። በሰፈራችን ጤና አዳም ያለቀበት ሰው በአጥር ላይ ብቅ ይልና "ትንሽ ቅጠል" ይላል። መስጠት እንጂ መከልከል የሚባል ነገር የለም። የአዴ አጥር ላይ በየቀኑ ቢያንስ አንድ ራስ ብቅ ይል ነበር።

አዴ ታዲያ እነዚህን ቅጠሎች እንዴት ነበር የሚይዟቸው? ይህ ነበር እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ። ዕቃ ሲያጥቡ የተረፈ ንጹሕ ውሃ ካለ በሄዱበት ደፋ ያደርጋሉ። ከሌለ ያልፋሉ። አንዳንዴ ሳምንት ሙሉ ዞር ብለው አያዩዋቸውም። አንድ ቀን ውሃ የሚያጠጡበት ፕሮግራም እንዳላቸው ጠየቅኳቸው። ፕሮግራም ያለው ቤተ ክርስቲያን ነው አሉኝ። መጠኑንስ በምን እንደሚለኩ ስጠይቃቸው ወደ ውሻው ዞረው በኦሮምኛ አንድ ነገር ነገሩት። ውሻውም አየኝ።

ከሁሉም የሚወዱት ግን ጤና አዳሙን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አልፈጀብኝም። ተወልደው ያደጉት እጃጂ ነው። አግብተው ወደ አምቦ ሲመጡ ከእናታቸው ጓሮ አንዲት ዘንግ ቆርጠው፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው፣ በአይሱዙ ጋቢና ጉልበታቸው ላይ ይዘው ነው የመጡት። እናታቸው ካረፉ በኋላ የእጃጂው ቤት ተሸጠ፣ ጓሮው ባሕር ዛፍ ተተከለበት። ከዚያ ግቢ በሕይወት የቀረ ነገር ቢኖር ይህ ጤና አዳም ብቻ ነው ብለው ነግረውኛል። ሲነግሩኝ አላለቀሱም፤ ቅጠል ቆርጠው አሸተቱና እኔንም አስሸተቱኝ።

እንግዲህ ጌዶ ያለችው ልጃቸው ወለደች።

አዴ ሊያርሷት ሄዱ። ሁለት ወር፣ ቢበዛ ሦስት እቆያለሁ አሉኝ። ቁልፍ ሰጡኝ። ውሻው ራሱን ያውቃል፣ ከበላ አያስቸግርም አሉ። በር ላይ ደርሰው ተመለሱና ጤና አዳሙ ፊት አቆሙኝ።

"ባርሲሳ፣ ይኸውልህ። አፈሩ ሲደርቅ ትንሽ ጠብ አድርግለት። ብዙ አትንካው።"

እኔ ይህን የሰማሁት ሰዎች እንግዳ ቤት ሲሄዱ "ምንም አታድርጉ፣ አትቸገሩ" እንደሚሉት ዓይነት አድርጌ ነው። ይሉኝታ ነው ብዬ አሰብኩ። ሰው አንድ የቀረውን የእናቱን ነገር ጥሎ ሲሄድ "ብዙ አትንካው" ሲል፣ በልቡ "እንደ ዓይንህ ብሌን ጠብቀው" ማለቱ ነው ብዬ ተረጎምኩት። የጥፋቱ መነሻ ይህ ትርጉም ነው።

የአዴ ሚኒባስ ወደ ጉደር አቅጣጫ እንደታጠፈ ወደ ሥራ ገባሁ።

ያኔ በትምህርት ቤት ሁሉም ነገር አንድ ለአምስት የሚደራጅበት ጊዜ ነበር። ለማያስታውስ ላስረዳ፦ አንድ ጎበዝ ተማሪ መሪ ይሆናል፣ አምስት ተማሪዎች በሥሩ ይመደባሉ፣ አብረው ያጠናሉ፣ መሪው ሪፖርት ያቀርባል። እኔ የክፍሌን ተማሪዎች በሁለት ቀን ውስጥ አደራጅቼ በስብሰባ ላይ ተመስግኜ ነበር፤ ምስጋናው ገና ከላዬ አልወረደም። ቅጠሎቹን ስቆጥር ስድስት ሆኑ። አንድ ሲደመር አምስት። ይህን አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ የሒሳብ መምህር ካለ ላውቀው እፈልጋለሁ።

ከትምህርት ቤት የተጣሉ የዴስክ ጣውላዎች ለምኜ አንድ ረጅም ሳጥን ሠራሁ። ውሃ በከንቱ እንዳይፈስ ውስጡን ዙሪያውንም ታቹንም በወፍራም ላስቲክ ለበጥኩት። በዚህ ላስቲክ እጅግ ኮርቼ ነበር። ከጉደር አንድ ማዳበሪያ ጥቁር አፈር በባጃጅ አስመጣሁ፤ በእጅ ሲጨበጥ እንደ ሊጥ የሚጣበቅ፣ ሲያዩት ደስ የሚል አፈር ነው። ከዚያ ስድስቱንም ከየጀሪካናቸው፣ ከየድስታቸውና ከየድንጋያቸው ነቅዬ በሃያ በሃያ ሴንቲ ሜትር ርቀት በአንድ መስመር ተከልኳቸው። ጤና አዳሙን ከፊት አደረግኩት። ለእያንዳንዱ ስሙን በማርከር ጽፌ ሰካሁለት፤ ለጤና አዳሙ ከስሙ በታች "የቡድን መሪ" የሚል ጨመርኩበት።

በየቀኑ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ የሻይ ብርጭቆ ውሃ እሰጣለሁ። እኩል። አድልዎ አልወድም። በደብተሬ ላይ ዓምዶች አሰመርኩ፦ ቀን፣ የተሰጠ ውሃ፣ ቁመት በሴንቲ ሜትር፣ ሥነ ምግባር። የመጨረሻውን ዓምድ ከተማሪዎች መዝገብ በልምድ ነው የገለበጥኩት፤ በምን እንደምሞላው ስላላወቅኩ ለሁሉም "በጣም ጥሩ" ሰጠሁ። በሁለተኛው ሳምንት ናናው ድንበሩን አልፎ ኮሰረቱ ውስጥ ሲገባ "መሻሻል አለበት" ወደሚለው ዝቅ አደረግኩት።

አዴ በየሳምንቱ ይደውሉ ነበር። መጀመሪያ ስለ ውሻው፣ ቀጥሎ ስለ እኔ፣ በመጨረሻ ስለ ጤና አዳሙ ይጠይቃሉ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት በኩራት ሪፖርት አቀረብኩ። ቁመቱን በሴንቲ ሜትር ስነግራቸው ሕፃኑ አለቀሰና ዘጉት።

በአራተኛው ሳምንት የቡድን መሪው የታች ቅጠሎች ቢጫ ሆኑ።

ውሃ አነሰው ብዬ ሁለት ብርጭቆ አደረግኩለት። ቢጫው ወደ ላይ ወጣ። ፀሐይ በዛበት ብዬ በካርቶን ጣሪያ ሠራሁለት። ቅጠሉ መውደቅ ጀመረ። በመምህራን ማረፊያ ክፍል የባዮሎጂውን መምህር አማከርኩት። እሱም ጠመኔ አንስቶ ፎቶሲንተሲስን በሰሌዳ ላይ በቀስት አስረዳኝ፤ ግሩም ማብራሪያ ነበር። በኋላ ስጠይቀው በሕይወቱ አንድም ነገር ተክሎ እንደማያውቅ ነገረኝ። ወደ ቤት ተመልሼ ሦስተኛ ብርጭቆ ጨመርኩ።

አስገራሚው ነገር ናናውና በሶብላው ነበሩ። በየቀኑ ይፋፋሉ። ናናው ሳጥኑን ሞልቶ ወደ ውጭ መንጠላጠል ጀምሯል። የጥብስ ቅጠሉ ጫፉ እየጠቆረ፣ ጦስኙ እየሳሳ፣ መሪያቸው እየሞተ እነዚህ ሁለቱ ሠርግ ላይ እንዳሉ ይወዛወዛሉ። ስሜቴ ተጎድቶ ለሁለቱም በሥነ ምግባር ዜሮ ሰጠኋቸው።

አዴ ደወሉ። ጤና አዳሙ እንዴት ነው ሲሉኝ "ለውጥ አለ" አልኳቸው። በሪፖርት አጻጻፍ ይህ ውሸት አይደለም። "ተመስገን" አሉ። ያቺ "ተመስገን" ለሦስት ቀን ምግብ አላስበላችኝም።

በአምስተኛው ሳምንት እሁድ ጠዋት ግንዱን ቀስ ብዬ ስይዘው፣ ያለ ምንም ተቃውሞ እጄ ላይ ቀረ። ሥሩ ጠቁሯል፤ ከማንኛውም ጤና አዳም ፈጽሞ የማይጠበቅ ሽታ ነበረው። ቆፈር ሳደርግ ከላስቲኩ በላይ ውሃ ተኝቷል። ከአምስት ሳምንት በፊት የሰጠሁት የመጀመሪያው ብርጭቆ ውሃ ሳይቀር እዚያው ያለ ይመስለኛል። የሆነው ይህ ነው፦ ጤና አዳም፣ ጦስኝና የጥብስ ቅጠል ድርቅ የለመዱ ናቸው፤ ሥራቸው ውሃ ካጠጡት በኋላ ደረቅ ብሎ አየር ማግኘት አለበት። ናናና በሶብላ ግን ውሃ ይወዳሉ። እኔ ለስድስቱም አንድ ዓይነት ብርጭቆ ሰጥቼ ግማሹን አሰከርኩ፣ ግማሹን አሰጠምኩ።

ይህን ሁሉ የተረዳሁት በኋላ ነው። ያን ጠዋት የታየኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አዴ ከእናታቸው ቤት የቀራቸውን ብቸኛ ሕያው ነገር አጥፍቼዋለሁ፤ እሳቸው ቢበዛ ከሰባት ሳምንት በኋላ በዚያ በር ይገባሉ።

ወዲያው የመጣልኝ ሐሳብ የመምህር ሐሳብ አልነበረም፤ ሲኮርጅ የተያዘ ተማሪ ሐሳብ ነው። ሌላ ጤና አዳም ፈልጌ በቦታው ልተክል ወሰንኩ። ጤና አዳም ከጤና አዳም በምን ይለያል? ማን ያውቃል?

ከግቢያችን ትይዩ ሱቅ ነበረ። ባለሱቁን ሁሉም "ሐጂ" ይላቸዋል፤ ከስልጤ በኩል ለንግድ መጥተው የቀሩ ሰው ናቸው። መካ ገና አልሄዱም፤ እንደሚሄዱ እርግጠኛ ስለሆኑ ሰፈሩ ማዕረጉን አስቀድሞ ሰጥቷቸዋል። ከሱቃቸው በር አጠገብ፣ በትልቅ የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ፣ ጤና አዳም አላቸው። ሄጄ ትንሽ ቅጠል ለቡና ብዬ ለመንኳቸው። ሁለት ጣት የምታክል ለምለም ጫፍ ቀንጥሰው ሰጡኝ። ለመትከል የሚሆነው ግን ከታች ያለው ጠንካራው ዘንግ ነው። ትንሽ ተለቅ ያለ ይሁን አልኳቸው። ስንት ሰው ነው የሚጠጣው ብለው ጠየቁኝ። እኔ ብቻ ነኝ አልኩ። ሐጂ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው አወጡ።

"ባርሲሳ፣ አንተ በጤና አዳም እናት ግቢ እየኖርክ ከእኔ ቆርቆሮ ምን ፈለግህ?"

ይህን ጥያቄ አለማሰቤ አሁንም ይገርመኛል። መልሱን ፊቴ ሰጣቸው። ሐጂ አንዴ ፊቴን፣ አንዴ ግቢያችንን አዩና ሞተ እንዴ ብለው ቀስ ብለው ጠየቁኝ። እንዴት እንደሞተ ነገርኳቸው፤ አንድ ለአምስቱን፣ ብርጭቆውን፣ ላስቲኩንም። ስለ ላስቲኩ ስነግራቸው የሱቁን ጠረጴዛ ተደግፈው ለመሳቅ ደንበኛ አስወጡ።

ስቀው ሲጨርሱ የነገሩኝ ነገር ግን ተስፋ ሰጠኝ። የቆርቆሮው ጤና አዳም ከአዴ የተቆረጠ ነው። ሱቁን የከፈቱ ዕለት አዴ አንዲት ዘንግ ይዘው መጥተው ተክሉ አሏቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ፤ ዋናው ነጥብ ነው። ከዘር የበቀለ ተክል የእናቱ ልጅ ነው፤ ሊመስላትም ላይመስላትም ይችላል። ከዘንግ የተተከለ ግን ልጅ አይደለም። ራሷ ናት። እጃጂ ጓሮ ውስጥ የነበረው፣ ባልዲው ውስጥ የነበረው፣ የሐጂ ቆርቆሮ ውስጥ ያለው፣ ሁሉም አንድ ተክል ነው፤ ቦታ ነው የቀየረው። ይህን የነገረኝ ያው የባዮሎጂ መምህር ነው፤ ስለዚህ ለፎቶሲንተሲሱ ይቅር ብየዋለሁ።

ሐጂ እርሳስ የሚያካክሉ ሦስት ጠንካራ ዘንጎች ቆርጠው ሰጡኝ። አተካከሉን ያሳየችኝ ደግሞ ጎረቤታችን ናት፤ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ስለሆነች ሲስተር እንላታለን። ወሬውን ከሐጂ ሱቅ ሰምታ በአጥር ብቅ ስትል እኔ ገና በሩን አልዘጋሁም ነበር። የታችኞቹን ቅጠሎች መለመለች። ታቹ በምስማር በተበሳሳ ቆርቆሮ ውስጥ ግማሽ አሸዋ ግማሽ አፈር አድርጋ፣ ዘንጎቹን እስከ ግማሽ ድረስ ሰካች፣ አንዴ አጠጣች፣ ከፊል ጥላ ሥር አስቀመጠች። ሁሉም አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ከዚያ ምን ላድርግ ስላት ምንም አለችኝ። ከምንም በኋላስ ስላት ብርጭቆዬን ተቀብላኝ ወደ ቤቷ ሄደች።

ምንም ማድረግ ከሒሳብ ይከብዳል። ላስረዳ። ተክሉ ቆሟል፤ አልደረቀም፤ አላደገም። ሥር ያውጣ አያውጣ ከላይ አይታይም። በስድስተኛው ቀን አላስችል ብሎኝ ሥር ማውጣቱን ለማረጋገጥ አንዱን ዘንግ ቀስ ብዬ ሳብኩት። ነጭ ነጭ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነገር ማውጣት ጀምሮ ነበር። ስስበው ተበጠሰ። ማለትም በትክክል እየበቀለ እንደነበር አረጋገጥኩ፤ በማረጋገጤም ገደልኩት። ሁለተኛውን ውሻው ተኛበት። ተው ብዬ ብጮህም በአማርኛ ነበር።

አንድ ዘንግ ቀረች።

በዚህ ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ አውቆ ነበር። ጠዋት ስወጣ፣ ከሰዓት ስመለስ፣ ሰው በአጥር ላይ ብቅ ብሎ ሰላምታ ሳያስቀድም ስለ ዘንጓ ይጠይቀኛል። ሐጂ ሱቅ ውስጥ ለዘንጓ የሚጸልዩ ሙስሊሞችም ጴንጤዎችም እንዳሉ ሰማሁ። ለአዴ ግን ማንም አልነገራቸውም፤ ያ የእኔ ሥራ ነው ተባለ። እኔ በበኩሌ ማስመሪያዬንና ሜትሬን ወስጄ ትምህርት ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩ። ወደ ቧንቧው የምሄደው እጄን ከኋላዬ አጣምሬ ሆነ። ጣቴን አፈሩ ላይ አሳርፋለሁ፤ ደርቆ ካገኘሁት ብቻ ጠብ አደርጋለሁ። በየቀኑ እየነካሁ ሳላጠጣ የተመለስኩባቸውን ቀናት ብቆጥር ደስ ይለኝ ነበር፤ ነገር ግን ደብተሩንም ሲስተር ወስዳዋለች።

አንድ ቀን ከዘንጓ ብብት ላይ የሩዝ ፍሬ የምታክል አረንጓዴ ነጥብ አየሁ። በማግስቱ ነጥቧ ሁለት ቅጠል ሆነች። ሮጬ ሐጂን ጠራሁ። ሐጂ ሱቃቸውን ክፍት ትተው መጡ፤ ተንበርክከው አዩ፤ አሸተቱ፤ "ራሷ ናት" አሉ።

አዴ የመጡት ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ከሚኒባስ ወርደው በአንድ እጃቸው ፌስታል፣ በሌላው ከጌዶ የመጣ የቅቤ ዕቃ ይዘው በበሩ ገቡ። ውሻውን በኦሮምኛ ሰላም አሉት፤ እኔንም በአማርኛ። ከዚያ ዕቃውን እንኳ ሳያስቀምጡ ወደ ቧንቧው ሄዱ። እኔ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። ሦስት ነጥቦች ነበሩት፤ የችግሩ መንስኤ፣ የተወሰደ እርምጃ፣ የወደፊት አቅጣጫ። ከኋላቸው እየተከተልኩ በልቤ እየደገምኩት ነበር።

አዴ ሳጥኑን አዩ። ስም የተጻፈባቸውን እንጨቶች አንድ በአንድ አነበቡ። ባዶውን ቦታና "የቡድን መሪ" የሚለውን ጽሑፍ ሲያዩ ቆሙ። ከዚያ ቆርቆሮዋ ውስጥ ያለችውን ዘንግ አዩ፤ ጣት የማትሞላ፣ አራት አምስት ቅጠል ያላት ነገር።

ሦስቱም ነጥቦች ጠፉብኝ።

"አዴ፣ ገደልኩት" አልኳቸው። "ብዙ ነካሁት።"

አዴ ቁጭ ብለው ከቆርቆሮዋ አንዲት ቅጠል ሳይቆርጡ በጣታቸው አሻሽተው አሸተቱ። ከማን እንደወሰድኩት ጠየቁኝ። ከሐጂ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ፣ ለማልቀስ ነው ብዬ ስሰጋ፣ ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

"እኔ ራሴ ሦስት ጊዜ ገድየዋለሁ" አሉ።

የመጀመሪያውን ፍየል በላው። ሁለተኛውን ውርጭ መታው፤ ሁለቱንም ጊዜ ከእናታቸው ጓሮ ሌላ ዘንግ ቆርጠው አመጡ። ሦስተኛውን እሳቸው ራሳቸው፣ ልጆቻቸው ትንንሽ በነበሩ ጊዜ፣ በላዩ የፈላ ውሃ ደፉበት። ያን ዕለት እናታቸው ሁለተኛ የሞቱ መስሏቸው ቀኑን ሙሉ አልቅሰዋል። በማግስቱ ቀደም ብለው ዘንግ የሰጧት አንዲት ጎረቤት ከራሷ ቆርጣ አመጣችላቸው። ከዚያ ወዲህ ለመጣ ሁሉ ይሰጣሉ፤ ያልለመነም ካለ በሩ ድረስ ይወስዱለታል።

"ደግ ስለሆንኩ የምሰጥ መስሎህ ነበር?" አሉኝ። "አንድ ቦታ ብቻ ያለ ነገር እኮ የለም ማለት ነው።"

ጌዶም ልጃቸው ደጅ ተክለው ነው የመጡት። እኔ ሦስት ወር ሙሉ በጭንቅ የጠበቅኩት ነገር ከእጃጂ እስከ አምቦ ባለው መንገድ ዳር በስንት ቆርቆሮ ውስጥ እንደቆመ እሳቸውም በትክክል አያውቁም።

በማግስቱ አዴ ሳጥኑን አፈረሱት። ናናውን ወደ ቧንቧው፣ የጥብስ ቅጠሉን ወደ ድንጋዩ መለሱ። ለምን አንድ ላይ እንዳሰርኳቸው ጠየቁኝ። ስለ አንድ ለአምስት አደረጃጀት በዝርዝር አስረዳኋቸው። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙኝ፤ ከዚያ ላስቲኩን አጥበው ለዶሮ ቤት ጣሪያ አደረጉት፤ እዚያ በእውነት ጠቃሚ ሆነ።

ዛሬ የምኖረው ጉደር ነው፤ ጤና አዳሜ መስኮት ላይ፣ ታቹ በተበሳ የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ነው። አሁንም አንዳንድ ጊዜ እጄን ያሳክከኛል። ሲያሳክከኝ ግን ውሃ አልቀዳም፤ አንድ ዘንግ ቆርጬ ለጎረቤት እወስዳለሁ። በዚህ ዘዴ እስካሁን ቢሮ ድረስ አዳርሻለሁ፤ ርዕሰ መምህራችን ሁለት አላቸው።

እናንተም ሞክሩት። ከሰው አጥር ላይ ብቅ በሉና እርሳስ የሚያህል ጠንካራ ዘንግ ለምኑ። ከታች ያሉትን ቅጠሎች መልምሉ። ማንኛውንም አሮጌ ዕቃ ታቹን በስታችሁ፣ አሸዋ የበዛበት አፈር ሞልታችሁ ዘንጉን ስኩት፤ አንዴ አጠጡ፣ ፀሐይ ረጋ ወደሚልበት አስጠጉት። ጣታችሁ አፈሩን ደረቅ ሆኖ ካላገኘው ውሃውን ለራሳችሁ ጠጡት። ሥሩን ለማየት እንዳትስቡ። ስንዝር ሲያህል ደግሞ፣ ቡናችሁ ውስጥ አንዲት ቅጠል ጣል ከማድረጋችሁ በፊት፣ ሁለት ዘንግ ቆርጣችሁ ለሁለት ሰው ስጡ፤ ከተቻለ ከእናንተ የበለጠ ሰነፍ ለሆኑ ሰዎች።